ደረጃ የሌለው ቤት

ሰኞ፣ ወር በገባ በ4ኛው ቀን

በሆስፒታሉ የድንገተኛ ክፍል መዝገብ ቤት ሥራ ከጀመርኩ ዛሬ ሦስት ሳምንት ሞላኝ። ቀኑን ሙሉ የምጽፈው ሰዎች የሚነግሩኝን ነው፤ ስለዚህ ያየሁትን የምጽፍበት አንድ ቦታ አስፈለገኝ። ለራሴ የገባሁት ቃል አጭር ነው፦ በዚህ ደብተር ውስጥ ያልሆነ ነገር አልጽፍም።

መዝገቡ ዘጠኝ ዓምዶች አሉት። ስድስተኛው «የጉዳቱ መንስኤ» ይላል፤ የሚሞላውም በቁጥር ነው። 1 የመኪና አደጋ፣ 2 መውደቅ፣ 3 የሥራ ላይ አደጋ፣ 4 በሰው የደረሰ ጉዳት። ከጎኑ አንድ መስመር ማብራሪያ ይጻፋል። ቁጥር 4 የተጻፈ እንደሆነ ግን አረንጓዴው ቅጽ ይከተላል፤ አራት ገጽ፣ በሦስት ቅጂ። ፖሊስ ይጠራል፣ መዝጋቢዋ ትፈርማለች፣ ፍርድ ቤት ከጠራትም ቆማ ትመሰክራለች።

ከጎኔ የምትቀመጠው አንጋፋዋ መዝጋቢ በዚህ ወንበር ሃያ ሁለት ዓመት ተቀምጣለች። ሳታነብ ስለምትመታ ሁሉም «ማኅተም» ይሏታል፤ እሷም አትቀየምም። በመጀመሪያው ቀን ሁለት ነገር አስተማረችኝ። አንደኛው ስሕተት ስለማረም ነው፦ «አይፋቅም፤ በነጭ ቀለምም አይሸፈንም። ከሥር ያለው እንዲነበብ አንድ መስመር ብቻ ታሰምሪበታለሽ። ትክክለኛውን ከጎኑ ጽፈሽ ትፈርሚያለሽ።» ይህ ሕግ በጣም ደስ አለኝ። ሁለተኛውን ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነው የነገረችኝ፦ «ደግሞ አራት አራት አትበይ፣ አንቺ ልጅ። ሁለት በይና ተገላገይ። ሰው ሁሉ ወድቆ ነው የሚመጣው፤ የገፋው ማን እንደሆነ እኛን አይመለከተንም።»

እኔ አራትን አራት እላለሁ።

ቤታችን በአንድ ረጅም ግንብ ከተያያዙት አምስት ቤቶች ሦስተኛው ነው። እማዬ የመረጠችው ለጉልበቷ ስትል ነው፤ ከደጃፍ እስከ ጓዳ አንዲት ደረጃ እንኳ የለም፤ አምስቱም በአንድ ልክ የተቆረጡ ናቸው። ከግድግዳው ማዶ ልብስ ሰፊዋና ባሏ ይኖራሉ። ሳነብ የስፌት መኪናዋ ድምፅ አብሮኝ ይጓዛል።

ሐሙስ 7

አምስት ሰዎች። አምስቱም ከአውቶቡስ ፌርማታው፣ አምስቱም በጩቤ፣ አምስቱም በስልክ ምክንያት። አምስት አረንጓዴ ቅጽ። አውራ ጣቴ ሰማያዊ ሆኗል። ሰልፉ በሩን አልፎ ወጣ። አንድ ሽማግሌ «ልጄ፣ መጽሐፍ ነው እንዴ የምትጽፊው?» አሉኝና ሰልፈኛው ሁሉ ሳቀ። ትከሻው የተወጋው ልጅም ሳቀ።

ቅዳሜ 9

ዛሬ ያየሁትን ሳልጽፍ መተኛት አልፈልግም።

አልጋ ገፊው፣ በሽተኞችን ከበሩ ወደ ውስጥ የሚገፋው ቀልደኛው ሰውዬ፣ ሁልጊዜ ቅዳሜ ጠዋት በቁራጭ ወረቀት ግምት ይሰበስባል። የሚገመተው እስከ ፈረቃ ለውጥ ድረስ በስለት የተወጋ ስንት ሰው እንደሚመጣ ነው። ለትክክለኛው ቁጥር የቀረበውን ሌሎቹ ሻይ ይጋብዙታል። ነርሶቹ ይገምታሉ፤ ዘበኛው ይገምታል፤ ማኅተም ዐይኗን ከመዝገቡ ሳታነሣ «ዘጠኝ» አለች።

«ፕሮፌሰር፣ አንቺስ?» አለኝ።

«ይህ ነውር ነው፤» አልኩት። «የምትቆጥሩት ሰው ነው።»

«ታዲያ ምን እንቁጠር? ዶሮ?» አለና ወረቀቱን አጠፈ። «እኔኮ አልወጋኋቸውም እህቴ። እኔ የምገፋው ብቻ ነው።»

ሁሉም ሳቁ። የሥነ ምግባር ደንቡን አንቀጽ ልጠቅስላቸው አስቤ ነበር። አልጠቀስኩም። ዘጠኝ ሆነ፤ ማኅተም ሻይዋን ጠጣች።

ቤት ስገባ እማዬ ዜና እየሰማች ነበር። «ስንት ሞተ አሉ?» አልኳት። «ሁለት። ትናንት አራት አልነበር? ተመስገን፣ እየቀነሰ ነው።»

ረቡዕ 13

ልብስ ሰፊዋ የሥራ ጋውኔን እጅጌ አሳጠረችልኝ። ከእኔ በዐሥር ዓመት ስለምትበልጥ «እታለም» እላታለሁ። መርፌ በከንፈሯ ይዛ ታወራለች፤ እንዴት እንደማትውጣት አላውቅም።

«ክንድሽ የጸሐፊ ነው፣ ጋውንሽ ግን የሥጋ ሻጭ። ማን ሰጠሽ ይኼን?»

«ከእኔ በፊት የነበረው መዝጋቢ።»

«እሱማ ሁለት ሰው ነበር በይኛ!»

በዚህ ሙቀት እሷ ራሷ እስከ አንጓዋ የሚደርስ እጅጌ ለብሳለች። ልብስ ሰፊ መሆኗ ነው፤ የሠራችውን መልበስ ትወዳለች። ልወጣ ስል «ግድግዳው ስስ ነው፣ አይደል?» አለችኝ። «የሬዲዮናችሁ ዜና እኔ ጋ ከነአንባቢው ትንፋሽ ይሰማል። ማን ነው እንደዚህ ዜና ወዳጁ?»

«እማዬ ናት፤» አልኳት።

እታለም ዜና የምትከታተል ሴት መሆኗን አላውቅም ነበር።

እሑድ 17

ከእራት በኋላ ከግድግዳው ማዶ ድምፅ ነበር። መጀመሪያ የእሱ፤ ከዚያ አንድ ከባድ ዕቃ ግድግዳውን የመታ ያህል። እማዬ እጇ ሳሙና ውስጥ ነበር፣ ሳህን ታጥባለች። ሬዲዮኑን ከፍ አደረገችው። እኔ ማንበቤን ቀጠልኩ። ገጽ 112።

ባሏ ከቤት ቤት እየዞረ የመብራት ቆጣሪ የሚያነብ ሰው ነው። ጨዋ ነው። የእማዬን ከረጢት ሳትጠይቀው ተሸክሞላት ያውቃል።

ገጽ 112ን ሦስት ጊዜ አነበብኩት።

ዓርብ 22

የሁለተኛውን ተወጊ አረንጓዴ ቅጽ እየሞላሁ ሳለ፣ ሰልፍ ላይ የነበረች እናት ከነልጇ ወለሉ ላይ ወደቀች። ሙቀት ነው፤ አሁን ደህና ናት። የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ግን በሁሉም ፊት ተቆጣኝ፦ «እዚህ የምትሠሪው ምርምር ነው ወይስ ምዝገባ? የአንድ ሰው ጉዳይ በሕግ ስም ስታጣሪ ሌላውን ልትገድይብኝ ነው!»

ከሰዓት በኋላ ፊቱ ያበጠ ወጣት መጣ። «ወድቄ ነው፤» አለ። 2 ጻፍኩ። እሱ ራሱ ነው ያለው። ዐሥራ አንድ ሰከንድ ፈጀ።

ሰኞ 25

ዛሬ እታለም መጣች። የቀኝ እጇ አንጓ ተሰብሯል። ባሏ ደግፎ አስገባት፤ ወንበር ፈልጎ አስቀመጣት፤ መታወቂያዋን አቃንቶ አቀበለኝ።

«አንቺው ነሽ? እሰይ! የሰፈር ሰው ሲገኝ እንዴት ደስ ይላል፤» አለኝ። «ከደረጃ ወድቃብኝ እኮ ነው። መቼም እሷ ስትራመድ ሐሳቧ ልብሱ ላይ ነው።»

እታለም መሬት መሬት ታያለች።

ደንቡ «የሚጨምሩት አለ?» ብለን ታካሚውን ራሱን እንድንጠይቅ ያዛል። 2 ጻፍኩ። በማብራሪያው ዓምድ «ከደረጃ ወድቃ» አልኩ። ከየትኛው ደረጃ እንደሆነ ቅጹ አይጠይቅም። በከተማው ውስጥ ብዙ ደረጃ አለ፤ ለደንበኛ ልብስ ስታደርስ ሊሆን ይችላል።

ጥያቄውን ጠይቄያት እንደሆነ አላስታውስም።

ቅዳሜ 30

«ፕሮፌሰር፣ የዛሬስ?» አለኝ አልጋ ገፊው፤ እንደ ልማዱ ለማብሸቅ ብቻ።

«ዐሥራ አንድ፤» አልኩት። ከአፌ አምልጦ ነው የወጣው።

ዐሥራ አንድ ሆነ። ዐሥረኛው እንደገባ በሩን እያየሁ መጠበቄን እዚህ መጻፍ አለብኝ። ሻዩን ጠጣሁት። ስኳሩ በዝቷል።

ሌላ ወር ገባ። ማክሰኞ 3

እታለም ለሁለተኛ ጊዜ። ሁለት የጎን አጥንት። አሁንም ደረጃ። እሱ ነው የሚያወራው፤ እሷ ትንፋሿን በልክ በልክ ትወስዳለች።

ማኅተም ከሄዱ በኋላ ጠጋ ብላ፣ «ይቺ ሴትዮ ደግሞ ምን ዓይነት ፎቅ ላይ ነው የምትኖረው?» አለችኝ። ቀልዷ ነው። ጎረቤቴ መሆኗን አልነገርኳትም።

ዛሬ ጥያቄውን ጠይቄያታለሁ፤ ይህን በትክክል አስታውሳለሁ። «የሚጨምሩት አለ?» አልኩ፤ በ«አንቱ» ጠየቅኋት፣ እንደማላውቃት ሁሉ። እታለም ቀና ብላ ግን እኔን አላየችም። ያየችው ብዕሬን ነው። ብዕሬ ሁለትን ጽፎ ጨርሶ ነበር።

ሐሙስ 12

ልብስ ከሚሰጣበት ገመድ ዘንድ የሰማሁት፦

«ትናንትናም ነበር፣ አልሰማሽም?»

«ውይ፣ እኔስ ለመድኩት። መጀመሪያ መጀመሪያ እንቅልፍ ይነሣኝ ነበር።»

«ልጄ ደግሞ ድምፁ ሲቀር ነው የሚነቃው፣ ታምኛለሽ?»

ሳቁ። ክፉ ሴቶች አይደሉም። አንዷ እማዬ ስትታመም ሦስት ቀን ሾርባ አመላልሳለች። እኔ አንሶላውን አጠፍኩ፤ ጠርዝና ጠርዙ እስኪገጥም ድረስ ሁለት ጊዜ አጠፍኩት።

ረቡዕ 18

ካለፈው ወር 25 ወዲህ የስፌት መኪናው አልተሰማም። እጇ ገና አልጠና ይሆናል።

ዛሬ በአውቶቡስ ውስጥ አንድ ሰው ተዘረፈ። ጮኸ። ሹፌሩ ቀጣዩን ፌርማታ ጠራ። እኔ ከመጽሐፌ ቀና ብዬ ስልኬ ቦርሳዬ ውስጥ መኖሩን አረጋገጥኩ፤ ከዚያ ያቆምኩበትን መስመር ፈለግኩ።

እሑድ 22

ተረኛ ነበርኩ። ከምሳ በኋላ አልጋ ገፊው እየሮጠ አስገባት። ዛሬ አልቀለደም። ፊቷን አላወቅኩትም፤ ያወቅኩት እጅጌዋን ነው፣ ያንን ጥንቅቅ ያለ ስፌት። መንጋጋዋ ተሰብሯል፤ ራሷን አታውቅም።

ባሏ ከኋላ መጣ። ሸሚዙ የተተኮሰ ነው። መታወቂያዋን አቃንቶ አቀበለኝ። «ከቤት ደረጃ ላይ፣» አለ፤ «አንቺ መቼም ታውቂያታለሽ።»

ለአፍታ ተያየን። ቤቱን እንደማውቅ ያውቃል። ማወቄን ማወቁንም አውቄያለሁ። ፊቱ ላይ ፍርሃት አልነበረም። የነበረው አንድ ሰው በሚገባ ከሚሠራ ቢሮ የሚጠብቀው ነገር ነው።

ጻፍኩ። 2። «ከቤታቸው ደረጃ ላይ ወድቃ።» የእጅ ጽሑፌ አልተንቀጠቀጠም። እንደሚነበብ፣ እንደሚያምር አድርጌ ጻፍኩ። ከዚያ «ቀጣይ» አልኩ።

ሰኞ 23

ቀዶ ሐኪሙ ለፖሊስ ደውሎ ኖሮ መርማሪዋ መጣች። ዐይኗ ሥር የደከመ፣ ጫማዋ አቧራ የለበሰ ሴት ናት። ባልየውን ጠይቃዋለች፤ እሱም «የሆስፒታሉ መዝገብ ይመስክርልኝ» ብሏታል።

መዝገቡን ገለጠችና ሦስቱንም መስመሮች በጣቷ ተከተለች። «ሦስቴም ደረጃ። ሦስቴም አንድ እጅ ጽሑፍ። የአንቺ ነው?»

«አዎን።»

«ጥሩ ጽሑፍ አለሽ።» ማስታወሻዋን ዘጋች። «እኔ በዚህ ሳምንት ዐሥራ አራት ፋይል ተሸክሜያለሁ። የሚጮኹት እንኳ ተራ አልደረሳቸውም። እስከ ሐሙስ ጠዋት የተረጋገጠ ግልባጭ ላኪልኝና ይህን እዘጋዋለሁ።»

መርማሪዋ ከሄደች በኋላ ኃላፊው ጠራኝ። መዝገብ ከተጻፈ በኋላ መንስኤ የለወጠ ሠራተኛ በሐሰት መዝገብ እንደሚከሰስ፣ ከሥራም እንደሚሰናበት ከደንቡ ላይ አነበበልኝ። ሳልጠይቀው ነው ያነበበልኝ።

ማኅተም ኮቷን እየለበሰች፣ «ግልባጭ ማለት የጻፍሽውን መገልበጥ ነው፤» አለችኝ። «ሌላ ምንም አይደለም፣ የኔ ልጅ።»

ማክሰኞ 24

በምሳ ሰዓት ወደ ክፍሏ ወጣሁ። ነቅታለች፤ ጥርሷ በሽቦ ታስሯል፤ መናገር አትችልም። አልጋው ላይ ወረቀትና እርሳስ አለ። በግራ እጇ ትጽፋለች፤ ፊደሎቿ እንደ ልጅ ፊደል ይንጋደዳሉ።

መጀመሪያ የጻፈችው፦ «ቅዳሜ ይወስደኛል።»

ነርሷም ይህንኑ ነገረችኝ። ሐኪሙ ከፈቀደ ቅዳሜ ትወጣለች፤ ተቀባይዋ ባሏ ነው፤ ሌላ ሰው የላትም። ፋይሉ ከተዘጋ የሚከለክለው ነገር የለም።

ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ። ሁሉም ጠፋብኝና፣ «እታለም፣ ሬዲዮኑን ከፍ የማደርገው እኔ ነበርኩ፤» አልኳት። «እማዬ አይደለችም።»

ረጅም ጊዜ አየችኝ። ከዚያ ጻፈች፦ «አውቃለሁ። እናትሽ ስትከፍተው ቀስ በቀስ ነው። አንቺ አንዴ ነው።»

ማዶ ሆና ትሰማ ነበር። በዚያ ሁሉ መሐል ሆና የማን እጅ እንደሆነ ትለይ ነበር።

«መዝገቡን ላርመው እችላለሁ፤» አልኳት። «ግን ያንቺ ነገር ነው። ልጻፍ?»

እርሳሱን ለመያዝ ሁለት ጊዜ ሞከረች። «እስከ ዛሬ ጠይቀሽኝ አታውቂም።»

ልክ ናት። አንዴ ጠይቄያታለሁ ልል ነበር፤ የማክሰኞ 3ቱን ልጠቅስላት። ጽፎ ከጨረሰ ሰው የሚመጣ ጥያቄ ጥያቄ አይደለም። የጋውኔን እጅጌ ይዛ ያሳጠረችውን ስፌት በጣቷ መረመረች፤ አንድ ክር ተርፎ ኖሮ ልትበጥሰው ሳበችው። ከዚያ ወረቀቱን ገልብጣ በሌላው ገጽ አንድ ቃል ጻፈችልኝ።

«ጻፊ።»

ማክሰኞ 24፣ ከእራት በኋላ

አሁን ይህን ደብተር ወደ ኋላ ገለጥኩ። በእሑድ 17 «ሬዲዮኑን ከፍ አደረገችው» ይላል። የእማዬ እጅ ሳሙና ውስጥ እንደነበር በዚያው መስመር ላይ ጽፌያለሁ፤ ለመዋሸት እንኳ አልተጠነቀቅኩም። አንድ መስመር አሰመርኩበት፣ ከሥሩ ያለው እንዲነበብ። ከጎኑ «ከፍ አደረግኩት» ብዬ ፈረምኩ።

በሰኞ 25 «ለደንበኛ ልብስ ስታደርስ ሊሆን ይችላል» በሚለውም ላይ አሰመርኩ። ከጎኑ ምን እንደምጽፍ አሰብኩ። «ደንበኞቿ ወደ እሷ ነው የሚመጡት፤ እኔም አንዷ ነበርኩ።» ፈረምኩ።

በሐሙስ 12 ስለ ጎረቤቶቼ የጻፍኩትን አነበብኩት። እነሱ ለመድነው አሉ። እኔ ለመድኩት ብዬ አላውቅም፤ የሰማሁትን ከነቀኑ፣ ከነገጹ ቁጥር መዝግቤዋለሁ። የሚሻል መስሎኝ ነበር።

ረቡዕ 25

ተፈጸመ። በጥድፊያ እጽፋለሁ።

ጠዋት፣ ሰልፉ ሳይበዛ፣ ሦስቱን ገጾች ገለጥኩ። በሦስቱም 2 ላይ አንድ አንድ መስመር። ከጎናቸው 4። ፊርማ፣ የዛሬ ቀን። ከዚያ ሦስት አረንጓዴ ቅጽ። «መዝጋቢዋ የምታውቀው» በሚለው ክፍት ቦታ፦ «ቤቱ ደረጃ የለውም። ይህን የማውቀው በአንድ ግድግዳ የምንዋሰን ጎረቤት ስለሆንኩ ነው። ሦስቱን ጊዜ ሐሰት መሆኑን እያወቅኩ ጻፍኩ። ታካሚዋን ሳልጠይቅ ጻፍኩ። ድብደባውን ከግድግዳው ማዶ በተለያዩ ቀናት ሰምቻለሁ፤ ቀናቱን ከዚህ ጋር አያይዣለሁ።»

ቅጹ ማኅተም ያስፈልገዋል። ለማኅተም አቀረብኩላት። እጇ እንደ ልማዱ ተነሥቶ ነበር፤ አየር ላይ ቆመ። መነጽሯን አደረገች። አራቱንም ገጽ አነበበች፤ ሰልፈኛው ማጉረምረም ጀመረ። «ጎረቤትሽ ናት?» አለችኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። «እኔ ደግሞ ፎቅ ብዬ...» አልጨረሰችውም። ሦስቱንም መታች፤ ቀስ እያለች፣ አንድ በአንድ።

ኃላፊው እስከ ዲሲፕሊን ኮሚቴው ውሳኔ ድረስ ወደ ሥራ እንዳልመጣ በጽሑፍ ሰጠኝ። በደብዳቤው ላይ ሁለት ስሕተት አየሁ። አላረምኩለትም። ለመውጣት ጋውኔን ሳወልቅ አልጋ ገፊው በሩን ያዘልኝና፣ «ፕሮፌሰር፣ ቅዳሜ ማን ይገምትልናል?» አለ። ሊያስቀኝ ፈልጎ ነው። እኔም እሱም አልሳቅንም።

መርማሪዋ ግልባጩን ተቀበለችኝ። ቆማ ስታነብ ተውኳት።

ሐሙስ 26

ቀኑን ሙሉ ቤት ነበርኩ። ለእማዬ ሁሉንም ነገርኳት። ስለ ሥራው አለቀሰች። ከዚያ «እኔስ መቼ አልሰማሁ፤» አለች፤ ለእኔ ይሁን ለራሷ አልለየሁትም።

እሱ ከሥራ ተመልሷል። ከማዶ በሩ ሲከፈት፣ ውኃ ሲቀዳ፣ ወንበር ሲጎተት ሰማን። እማዬ በልማድ ለዜናው ሬዲዮኑን ከፈተች፤ እውነትም ቀስ በቀስ ነው የምትከፍተው። ተነሥቼ አጠፋሁት።

«ምነው ልጄ? ካጠፋሽውማ ሁሉም ነገር ይሰማል እኮ።»

«ይሰማ እማዬ።»

ወንበሯን ወደ እኔ አስጠጋችና እጄን ያዘች። ተቀመጥን። የማዶው ማንኪያ ከብርጭቆ ጋር ሲጋጭ ሳይቀር ይሰማ ነበር። ግድግዳው እንዲህ ስስ መሆኑን በዚህ ሁሉ ዓመት እንዴት ረሳነው?

ከዚያ የማዶው በር ተንኳኳ። ደንግጬ የእማዬን እጅ ጨበጥኩ። ተከፈተ። የሴት ድምፅ ነው፤ ድካሙን አውቄዋለሁ። እሱን ጨዋነቱ አልተለየውም፤ ግቡ፣ ተቀመጡ፣ ምን ልታዘዝ አለ።

«አልቀመጥም፤» አለች መርማሪዋ። «ደረጃውን ያሳዩኝ።»

ከማዶ ለረጅም ጊዜ ምንም አልተሰማም።